ክራንቤሪ ውሃ ውስጥ የሚኖር ተክል ነውን?

በዚህ እትም ዓምዳችን ስለ ዱር ክራንቤሪና ስለሚበቅልበት ረግረግ ከአንባቢያን የደረሱትን ጥያቄዎች ይመልሳል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው፣ ዙሪያቸውን በቀይ ፍሬ ተከበው ሲሠሩ በቴሌቪዥን ደጋግሜ አይቻለሁ። ፍሬው ክራንቤሪ እንደሚባልና ዱሩም በረግረግ ላይ እንደሚበቅል ሰማሁ። ለመሆኑ ተክሉ እንደ ሩዝ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው?

መልስ፦ አይደለም። እርስዎ ያዩት ውሃ የገባው ለተክሉ ሳይሆን ለለቃሚው ነው። በእርሻ ላይ ያለው ክራንቤሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ርጥበት ባለው፣ ነገር ግን ውሃ ባልተኛበት አሸዋማ መደብ ላይ ነው። ፍሬው ሲበስል መደቡ ይጥለቀለቃል፤ ማሽን እየዞረ ፍሬውን ከሐረጉ ያራግፈዋል፤ የረገፈውም ተንሳፍፎ ወደ አንድ ጥግ እየተገፋ ይሰበሰባል። በብርዱ ወራትም ውርጭ ሐረጉን እንዳያደርቀው ውሃ የሚለቀቅበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ውጭ ሥሩ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ከቆየ አየር አጥቶ ይታመማል።

ፍሬው የሚንሳፈፍበትን ምክንያት በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። አንዱን ፍሬ በስለት ከወገቡ ቢቆርጡት ውስጡ በስስ ግድግዳ የተከፈሉ አራት ጓዳዎች ይታያሉ። ጥቃቅኖቹ ቡናማ ዘሮች በየጓዳው መሐል ተጣብቀው ይገኛሉ፤ የተረፈው ቦታ አየር ብቻ ነው። ለዱሩ ተክል ይህ አየር እንደ ጀልባ ነው፤ የረግረጉ ውሃ ከፍ ሲል ፍሬው ከእናቱ ተለይቶ ይንሳፈፍና ሌላ ዳርቻ ላይ ያርፋል። ከኔዘርላንድ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቴርስኼሊንግ ዛሬ የአሜሪካው ክራንቤሪ በአሸዋ ክምሮች መካከል ባሉ ርጥብ ጎድጓዳ ቦታዎች በዱር ይበቅላል። ወደዚያ የደረሰውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ባሕር ከተፋው አንድ በርሜል ተሰራጭቶ ነው ይባላል። ታሪኩ ትንሽ ተውቦ ሊሆን ይችላል፤ ተክሉ ግን እዚያው አለ።

የዱሩ ክራንቤሪ እውነተኛ ቤት ስፋግነም የሚባለው ሞስ ነው። ስፋግነም ሥር የሌለው፣ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ፣ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ምንጣፍ የሚሠራ ለስላሳ ዕፅ ሲሆን፣ ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ መሸከም ይችላል። ክራንቤሪው በዚህ ምንጣፍ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሐረጉን እየዘረጋ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ይሄዳል። ሞሱ በየዓመቱ ወደ ላይ ስለሚያድግ የክራንቤሪው አሮጌ ሐረግ ቀስ በቀስ ይቀበራል፤ ተክሉም እንዳይዋጥ አዲሱን ጫፉን ዘወትር ከሞሱ በላይ ለማድረግ ይጣጣራል። እንግዲህ ከታች ውሃ አለ፣ መሐል ላይ ሞስ አለ፣ ክራንቤሪው ደግሞ ከሁሉም በላይ ተኝቷል። «የውሃ ተክል» ከማለት ይልቅ «የሞስ ተክል» ብንለው ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

ዝርያዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። ትንሹ ክራንቤሪ በሰሜን አውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ይገኛል። ትልቁ ክራንቤሪ የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ በገበያ ላይ የሚሸጠው ፍሬ በአብዛኛው የእርሱ ነው። ይህን ትልቁን ወደ እርሻ የማምጣቱ ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1816 ሄንሪ ሆል ከተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ነው። ሆል በዴኒስ ከተማ አጠገብ ነፋስ አሸዋ ያለበሰው የዱር ክራንቤሪ ከሌላው ይልቅ በርትቶ ማፍራቱን አስተዋለ፤ ሐረጎችንም እየተከለ ሆን ብሎ አሸዋ ያለብሳቸው ጀመር። ገበሬዎች ዛሬም በየጥቂት ዓመቱ መደባቸውን አሸዋ ያለብሳሉ።

ጥያቄ፦ ረግረጉ አሲዳማና ምግብ የሌለው መሬት ነው ይባላል። ታዲያ ይህ ተክል ምን በልቶ ይኖራል? ማዳበሪያ ቢጨመርለትስ አይሻለውም?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ ጉዳዩ ልብ የሚገባው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

በመጀመሪያ ደረጃ መሬቱን እንዲህ ያደረገው ራሱ ሞሱ ነው። ስፋግነም በውሃው ውስጥ የሚያገኛቸውን እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉ ንጥረ ነገሮች ወደ ራሱ ይስብና በምትካቸው አሲድነትን የሚጨምሩ የሃይድሮጅን አዮኖችን ይለቃል። በዚህም ምክንያት ከዝናብ በቀር ሌላ የውሃ ምንጭ የሌለው ረግረግ የፒኤች መጠኑ (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) 4 አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሆናል። ውሃው አሲዳማ፣ ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያነሰው ስለሆነ የሞተው ሞስ በቅጡ አይበሰብስም፤ በላይ በላዩ እየተደራረበ ፒት ወደሚባለው ጥቁር ቡናማ ክምችት ይለወጣል። ፒት በዓመት በአማካይ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስለሚጨምር፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ፒት የሺህ ዓመት ያህል ሥራ ነው ማለት ነው። ናይትሮጅን በፒቱ ውስጥ የለም አይባልም፤ አለ፣ ነገር ግን ባልበሰበሰው ቅሪት ውስጥ ተቆልፎ ስለሚገኝ የብዙ ተክሎች ሥር ሊያወጣው አይችልም።

ክራንቤሪ የሚጠቀምበት ቁልፍ ፈንገስ ነው። የተክሉ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ሲሆን፣ ሌሎች ተክሎች ውሃና ምግብ የሚስቡባቸው ጥቃቅን የሥር ጸጉሮች የሉትም። በእነርሱ ፋንታ ፈንገስ በሥሩ የውጭ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይጠመጠማል፤ ክሮቹንም ወደ ፒቱ ይዘረጋል፤ የተቆለፈውን ናይትሮጅንና ፎስፎረስ እየፈታ ለተክሉ ያቀርባል። ተክሉ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ለፈንገሱ ያካፍላል። ይህ ሽርክና ክራንቤሪ የሚመደብበት የኤሪካ ቤተሰብ መለያ ነው፤ ብሉቤሪም፣ በአማርኛ አስታ የምንለው የደጋ ዛፍም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ከዚህ በተጨማሪ ክራንቤሪ ያገኘውን አያባክንም። ቅጠሉ ትንሽ፣ ጠንካራና ሰም የለበሰ ነው፤ በበረዶው ወራት ወደ ሐምራዊ ቀይ ይለወጣል እንጂ አይረግፍም። በየዓመቱ አዲስ ልብስ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ያለውን አጥቦ እንደሚለብሰው ማለት ነው።

ወደ ማዳበሪያው እንመለስ። በእርሻ ላይ ያለው ክራንቤሪ በመጠኑ ማዳበሪያ ይሰጠዋል፤ ሲበዛበት ግን ሐረጉን ብቻ እየዘረጋ ፍሬ ይቀንሳል። በዱር ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ከመኪና ጭስና ከከብት እርባታ ወደ አየር የሚወጣው ናይትሮጅን ከዝናብ ጋር ረግረጉ ላይ ሲወርድ ሣሩና እንደ በርች ያሉት ዛፎች ይፋፋሉ፤ ሞሱን በጥላቸው ያፍኑታል፣ ውሃውንም ይመጥጡታል። የክራንቤሪ ሐረግ ከመሬት ከፍ ስለማይል ከሣር ጋር ለብርሃን መሽቀዳደም አይችልም። ያን ደሃ መሬት እስከ ዛሬ ያለ ተቀናቃኝ የያዘው ሌላው ሁሉ ስለማይፈልገው ነበር፤ መሬቱ ሲበለጽግ ግን ተፈላጊ ይሆንና ክራንቤሪው ይባረራል። ስለዚህ በዱር ላለው ክራንቤሪ ማዳበሪያ ስጦታ ሳይሆን የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው።

ጥያቄ፦ ስሙ ከወፍ የመጣ ነው ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። ፍሬና ወፍ ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ያገናኛቸው ፍሬው ሳይሆን አበባው ነው። በሰኔና በሐምሌ የሚያብበው አበባ እንደ ክር በቀጠነ አገዳ ጫፍ ላይ ወደ ታች ያጎነብሳል። ፈካ ያለ ሮዝ ቀለም ያላቸው አራቱ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ ይገለበጣሉ፤ ወንዴ ክፍሎቹ ደግሞ አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ መንቁር ወደ ፊት ይሾላሉ። ከጎን ሲያዩት አንገቷን የደፋች፣ ክሬን የምትባለውን ረጅም አንገት ያላትን ወፍ ይመስላል፤ ሰሜን አውሮፓውያንም «የክሬን ፍሬ» አሉት።

መንቁር የሚመስለው ክፍል ለጌጥ አይደለም። የአበባው ብናኝ ያለው በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ሲሆን፣ የሚወጣውም ጫፋቸው ላይ ባለ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ባምብልቢ የምትባለው ጠጉራም ትልቅ ንብ አበባው ላይ ተንጠልጥላ የደረቷን ጡንቻ በኃይል ስታርገበግብ ብናኙ እንደ ጨው ከጨው መነስነሻ በሆዷ ላይ ይረግፍባታል። የቤት ንብ ይህን ዓይነቱን ማርገብገብ ስለማትችል በክራንቤሪ ላይ የእርሷ ሥራ ከባምብልቢ ያነሰ ነው። በየረግረጉ ዳር ለባምብልቢ መኖሪያ የሚሆን ያልታረሰ ሜዳ መኖር ያለበትም ስለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በጉዞ ላይ ሳለሁ በረግረግ ውስጥ ቀያይ ፍሬዎች አይቼ ሳልቀምስ ተመለስኩ። የዱር ክራንቤሪን ከሌላው በእርግጠኝነት የምለየው እንዴት ነው? የሚመርዝ ተመሳሳይ አለ?

መልስ፦ አለመቅመስዎ ትክክል ነበር። መጀመሪያ ፍሬው የት እንዳለ ይመልከቱ። ክራንቤሪ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ፍሬው በሞሱ ላይ የተበተነ ዶቃ መስሎ ተኝቶ ይገኛል። ሐረጉን በጣትዎ ቀስ ብለው ቢያነሡት ከፍሬው ጋር የተያያዘው አገዳ ፍሬውን ይሸከማል ብለው የማይገምቱት ቀጭን ክር ነው። ፍሬው በሞሱ ላይ ያረፈበት ጎኑ ፀሐይ ስለማያገኘው ብዙውን ጊዜ ገርጣ ይላል። ትንሹ ክራንቤሪ ጫፉ የሾለ፣ ጠርዙ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ የታች ገጹ ነጣ ያለ፣ ርዝመቱም ከአንድ ሴንቲሜትር እምብዛም የማያልፍ ቅጠል አለው፤ የትልቁ ቅጠል ግን ሰፋ ያለና ጫፉ ክብ ነው።

ከክራንቤሪ ጋር በብዛት የሚምታታው ሊንገንቤሪ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ደረቅ ያለውን የጥድ ደን የሚወድ፣ ፍሬውን በዘለላ የሚይዝ፣ ከቅጠሉ ሥርም ጥቋቁር ነጠብጣቦች ያሉት ነው፤ እርሱም የሚበላ ስለሆነ ስሕተቱ አይጎዳም። በገበያ አንዳንድ ጊዜ «ረጅሙ ክራንቤሪ» እየተባለ የሚጠራው ቫይበርነም ግን ዝምድናም የለው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ፍሬው ውስጥ ያለውም አንድ ጠፍጣፋ ዘር ብቻ ነው።

በእርግጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከአንድሮሜዳ ነው። ይህ ተክል ከክራንቤሪ ጋር በዚያው ሞስ ላይ ይበቅላል፤ የእርሱም ቅጠል ጠርዙ የተጠቀለለና የታች ገጹ ነጭ ነው፤ ነገር ግን መርዛማ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ቅጠሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ፍሬውም ለስላሳና ቀይ ሳይሆን ደረቅ ቋት ነው። ስለዚህ ፍሬ ለሚለቅም ሰው ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ቅጠል ቆርጦ ሻይ ለማፍላት ለሚያስብ ሰው ግን ትልቅ ነው። ቅጠሉን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ፍሬው የሚለቀመው መቼ ነው? ረግረግ ላይ መሄድስ አያሰጋም?

መልስ፦ ፍሬው በመስከረምና በጥቅምት ይበስላል። ልምድ ያላቸው ለቃሚዎች የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመታው ይጠብቃሉ፤ ውርጩ ፍሬውን ያለሰልሰዋል፣ ኮምጣጣነቱንም ይቀንሰዋል። ጥቂት ሰዎች ደግሞ ከበረዶው ሥር ከርሞ በረዶው ሲቀልጥ የሚገኘውን ፍሬ ይመርጣሉ፤ የበለጠ ጣፋጭ ነው፣ ቫይታሚን ሲው ግን ቀንሷል። ይህን ያህል ጊዜ ሳይበሰብስ የሚቆየው በውስጡ ባለው አሲድነትና በተፈጥሮ በሚገኝበት ቤንዞይክ አሲድ ምክንያት ነው። በፊንላንድ ማንኛውም ሰው የባለመሬቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ የዱር ፍሬ የመልቀም መብት አለው፤ በሌሎች አገሮች ግን ደንቡ ስለሚለያይ፣ በተለይ በተጠበቁ አካባቢዎች፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ማበጠሪያ የሚመስለው መልቀሚያ ፈጣን ነው፤ ቀጭኑን ሐረግ ከሞሱ ስለሚነቅል ግን እኛ እጅን እንመርጣለን።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ያሰጋል። አንዳንዱ ረግረግ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ የሞስ ምንጣፍ ስለሆነ ሲረግጡት ዙሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ራቅ ብሎ ያለ ትንሽ ዛፍ ሲወዛወዝ ካዩ የቆሙት በእንደዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። ጉብ ጉብ ያሉትንና ቁጥቋጦ የያዙትን ቦታዎች ይርገጡ፤ ለጥ ያለውንና ከሁሉ ይልቅ የሚያምረውን ደማቅ አረንጓዴ ይሽሹ፤ ከሥሩ ብዙውን ጊዜ ውሃ ነውና። ረጅም በትር ይያዙ፣ ብቻዎን አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ በኋላ የረግረግ ፍሬዎች ለምን ከአትክልት ይልቅ ተበከሉ ይባላል? ይህን ያህል ዘመን አልፎም?

መልስ፦ ምክንያቱ ቀደም ብለን ያነሣነው የመሬቱ ድህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በደረሰው አደጋ ከተበተኑት ነገሮች አንዱ የሆነው፣ ጎጂ ጨረር የሚያመነጨው ሲዚየም 137 በኬሚካዊ ጠባዩ ፖታሲየምን ይመስላል። ሸክላ ያለበት የእርሻ አፈር ሲዚየሙን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ፖታሲየምም ስላለው የተክሉ ሥር እውነተኛውን ያገኛል። ፒት ግን ሸክላ የለውም፣ ፖታሲየሙም ጥቂት ነው፤ ክራንቤሪው ፖታሲየም ፍለጋ ሲዚየሙን ይወስዳል፤ ቅጠሉ ሲሞት ሲዚየሙ ወደዚያው ሞስ ይመለስና ዑደቱ ይቀጥላል። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 30 ዓመት ያህል ስለሆነ፣ ከአደጋው የቀረው መጠን ዛሬም ቀላል አይደለም። በዩክሬንና በቤላሩስ መካከል በሚገኘው በፖሌሲያ ረግረጋማ አገር ፍሬው ሳይለካ መበላት የሌለበት ስለዚህ ነው። ማጠብና መቀቀል አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ክራንቤሪ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ያድናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አያድንም፤ ሊከላከል ግን ይችላል። ኮክሬን የተባለው የጤና ማስረጃዎችን የሚገመግም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ፣ የክራንቤሪ ውጤቶች ኢንፌክሽኑ እየተመላለሰ በሚያስቸግራቸው ሴቶች ላይ የመከሰት ዕድሉን እንደሚቀንሱ አመልክቷል። የጀመረ ኢንፌክሽን ግን የሐኪም ጉዳይ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ክራንቤሪ አዘውትረው ከመጠቀማቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ በትልቅ ሳህን አፈር ሞልቼ ብተክለው ይበቅልልኛል?

መልስ፦ ተራ አፈር ከሆነ አይበቅልም። ፒኤቹ ከ4 እስከ 5.5 የሆነ አሲዳማ መደብ፣ ኖራ የሌለው የዝናብ ውሃና ሙሉ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ተክሉ ለማበብ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ከአንድ ሺህ ሰዓት በላይ ማግኘት አለበት፤ ብርድ በማይበረታበት አገር ሐረጉ ይለመልማል፣ ፍሬ ግን አይጠበቅም። ከቁራጭ የተተከለ ሐረግ ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ተጠንፍፎ የደረቀ ረግረግ ውሃው ቢመለስለት ክራንቤሪው በራሱ ይመለሳል?

መልስ፦ አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል፤ ግን በቅደም ተከተል ነው። ረግረግ ሲጠነፈፍ ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የኖረው ፒት አየር አግኝቶ መበስበስ ይጀምራል፤ የያዘውንም ካርቦን ይለቃል። ፒት ያለበት መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚሸፍን ቢሆንም ከዓለም ደኖች ዕፅዋት ሁሉ የበለጠ ካርቦን ይዟል፤ የአንድ ረግረግ መድረቅ የለቃሚዎች ጉዳይ ብቻ ያልሆነውም ለዚህ ነው። በአውሮፓ ረግረጎች የምትኖር አንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮም አለች፤ አባጨጓሬዋ የትንሹን ክራንቤሪ ቅጠል ካላገኘ አያድግም።

ጥገናው የሚጀምረው ቦዮቹን በመድፈን ነው። ውሃው ከፒቱ ወለል ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ዓመቱን ሙሉ መቆየት አለበት። ቀጥሎ ሞሱ ይመጣል፤ በአቅራቢያው በሕይወት ያለ ስፋግነም ከሌለ፣ በካናዳ በስፋት እንደሚደረገው፣ ከሌላ ረግረግ የተቆራረጠ ሞስ አምጥቶ መበተንና እንዳይደርቅ ጭድ ማልበስ ያስፈልጋል። ክራንቤሪው ምንጣፉ ከተዘረጋ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ወይ ወፍ ዘሩን ትጥልለታለች፣ ወይ ውሃ ያንሳፍፍለታል፣ ወይም ደግሞ ከዳር የተረፈ አንድ ሐረግ ይዘረጋል። በኢስቶኒያና በላትቪያ ፒቱ ተቆፍሮ ባለቀባቸው ባዶ ሜዳዎች ላይ ትልቁን ክራንቤሪ በቀጥታ የሚተክሉ አሉ፤ ፍሬም ያገኛሉ። እርሱ ግን እርሻ ነው፤ አረሙን የሚነቅል፣ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ካልቆመበት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በርች ይወርሰዋል።